ከአንኮበር እስከ ራባይ

በደቡብ ጀርመን፣ ቱቢንገን ከተማ አጠገብ ባለችው ደሬንዲንገን መንደር በ1810 አንድ የገበሬ ልጅ ተወለደ፤ ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ ይባላል። (በዚህ ትረካ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ትምህርት ቤት ሳለ አባቱ የካርታ መጽሐፍ ገዛለት። ልጁ የአፍሪካን ገጽ ገልጦ ሲመለከት፣ ከሐበሻ ወዲያ አፋርና ሶማሌ የሚኖሩበት ምድር ጥቂት ስም ብቻ የተጻፈበት ባዶ ቦታ ሆኖ አገኘው። ነገሩ ከአእምሮው አልወጣም። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ስለ ሐበሻ የጻፈውን መጽሐፍ ተውሶ አነበበ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲጎትተው የኖረውም ይኸው አቅጣጫ ነው።

በ1827 በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ካለው የሚሲዮናውያን ማሠልጠኛ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ልቡ አመነታና ወጣ፤ ቱቢንገን ሥነ መለኮት ተምሮ ረዳት ቄስ ሆነ። ወደ ቀድሞ አሳቡ የመለሰው ስዊድናዊው ሚሲዮናዊ ፒተር ፌልስቴት ነው። የላከው ማኅበር ግን የእንግሊዝ ነበር። በዚያ ዘመን ከእንግሊዝ ቄሶች መካከል ወደ ሩቅ አገር ለመሄድ የሚፈቅድ ጥቂት ስለነበር፣ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናዊ ማኅበር ብዙ ሠራተኞቹን የሚያገኘው ከባዝል ነበር። ወደ ኢትዮጵያም ሳሙኤል ጎባትና ካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግ በዚሁ መንገድ ቀድመው ገብተዋል። ክራፍ በ1837 ተነሥቶ፣ ዐረብኛና አማርኛ እየተማረ፣ በዓመቱ መጨረሻ ገደማ ዓድዋ ደረሰ።

ዓድዋ የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ሚሲዮናውያኑ የመጡበት አገር ክርስትናን አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያህል ሲኖርበት የቆየ ነው፤ ስለ ጾም፣ ስለ ቅዱሳን አማላጅነትና ስለ እመቤታችን ክብር የሚናገሩት ነገር ለካህናቱ ድፍረት ነበር። ኢዘንበርግ ያሠራው የነበረው ትልቅ ቤትም ጥርጣሬ አስነሣ፤ እንግዳ ሰው ይህን የሚያህል ግንብ ለምን ያስገነባል ተባለ። በ1838 የመጀመሪያ ወራት ደግሞ ካቶሊኩ አባ ሳፔቶ ከፈረንሳውያኑ የአባዲ ወንድማማቾች ጋር ዓድዋ ገቡ። በመጋቢት የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ፕሮቴስታንቶቹ አገሩን ለቀው እንዲወጡ አዘዙ።

በቀይ ባሕር ወደ አገሩ ከመመለስ ይልቅ ክራፍ ሌላ በር ፈለገ። የሸዋው ንጉሥ ሳህለ ሥላሴ ከውጭ ሰው ጋር መወዳጀት እንደሚፈልጉ ሰምቷል። በ1839 የጸደይ ወራት ከኢዘንበርግ ጋር ከታጁራ ወደብ በግመል ተነሡ። መንገዱ የአሳልን የጨው ሐይቅና የአፋርን በረሓ አቋርጦ አዋሽን ይሻገራል፤ ጉዞው ከአንድ ወር በላይ ወሰደ። በሰኔ መጀመሪያ ከንጉሡ ፊት ቀረቡ። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ኅዳር ተመለሰ። ክራፍ ግን ብቻውን፣ አንኮበርን መኖሪያው አድርጎ፣ እስከ 1842 ቆየ።

ሩቅ አገር ለብዙ ዓመት የሚቀመጥ ሚሲዮናዊ ኑሮው ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሚፈልግ ሰው እነዚህን የአንኮበር ዓመታት ይመርምር። በስብከት ያለፈው ቀን ጥቂት ነው። ክራፍ ጥቂት ልጆች ሰብስቦ ያስተምር ነበር። ከደብተራዎች ጋር ይከራከር ነበር፤ ሸዋ በዚያን ጊዜ ስለ ክርስቶስ ልደት በተነሣው የ«ሦስት ልደት» ክርክር ትታመስ ስለነበር የሚያነጋግረው አላጣም። መድኃኒት የሚለምን፣ የታመመ ልጁን የሚያመጣ፣ ሽጉጥ እንዲጠግንለት የሚጠይቅ ሰው ከደጁ አይጠፋም። ንጉሡም ቢሆኑ ከእርሱ የፈለጉት ትምህርተ ሃይማኖት አልነበረም፤ ባለሙያ፣ ሐኪምና ጠመንጃ ነበር። በቀረው ጊዜ ክራፍ የግእዝ መጻሕፍትን ፈልጎ ያስገለብጥ ነበር። ወደ ቱቢንገን ከላካቸው ብራናዎች አንዱ አውሮፓ ሙሉ ጽሑፉን አጥታው የኖረችው መጽሐፈ ኩፋሌ ነው፤ ኦገስት ዲልማን ወደ ጀርመንኛ የመለሰው ከዚያ ቅጂ ነው። ስለ ክራፍ ሲወራ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ከሸዋ ቆይታው ሁሉ ግን ለሊቃውንት ዓለም ትልቁ ስጦታ ይህ ይመስላል።

ልቡ ያረፈው ግን ከሸዋ ደቡብ ባለው ሕዝብ ላይ ነበር። ኦሮሞዎች ካመኑ የአፍሪካ መካከል በሙሉ ይለወጣል ብሎ አመነ፤ ምድራቸውንም በራሱ አጠራር «ኦርማንያ» አለው። ኦሮምኛ ተማረ፣ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፤ በ1840 እና በ1842 ለንደን ታተሙ። ወንጌልንም መተርጎም ጀመረ። ችግሩ ወደዚያ ሕዝብ የተጠጋበት መንገድ ነው። በ1840 መጀመሪያ ንጉሥ ሳህለ ሥላሴ በኦሮሞ ላይ ሲዘምቱ ክራፍ አብሮ ሄደ። ምድሩን ማየት ፈልጎ ነበር፤ አየም። ያየው ግን ከሠራዊቱ ጋር ሆኖ፣ መንደር ሲቃጠልና ከብት ሲነዳ ነው። ወንጌል አደርስለታለሁ ላለው ሕዝብ መጀመሪያ የታየው በዘመተበት ንጉሥ ጓዝ ውስጥ ነው፤ ማስታወሻውን የሚያነብ ሰው ይህን ሳያስብ ሊያልፈው አይችልም።

በ1841 የብሪታንያው ሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ብዙ ሰውና ብዙ ስጦታ አስከትሎ አንኮበር መጣ። ክራፍ አስተርጓሚ ሆነ፤ በኅዳር በሸዋና በብሪታንያ መካከል የተፈረመው ውልም ያለ እርሱ ድካም አይሳካም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሰባኪውን ከመንግሥት መልእክተኛ ለይቶ ማየት ለማንም አስቸጋሪ ሆነ።

በመጋቢት 1842 ክራፍ ከአንኮበር ወጣ። በግብፅ እጮኛው ትጠብቀዋለች፤ የባዝሏ ሮዚን ዲትሪኽ። በወሎ በኩል ሲያልፍ አዳራ ቢሌ የተባለ ባላባት በእንግድነት ተቀብሎት ነበር፤ በኋላ ግን ያለውን ሁሉ ገፍፎ አሰናበተው። ከዚያ እስከ ምጽዋ ባዶ እጁን፣ ሰው በሰጠው እየበላ ተጓዘ። በዚያው ዓመት እስክንድርያ ተጋቡ፤ ሙሽራይቱን ይዞ ወደ ሸዋ ሊመለስ ታጁራ ሲደርስ ግን በሩ ተዘግቶ ቆየው። ንጉሡ ከእንግዲህ ፈረንጅ እንዳይገባባቸው አዘዋል ተባለ።

በ1843 በምጽዋ በኩል ወደ ትግራይ ለመግባት ሞከሩ። በሳሆዎች በረሓ መንገድ ላይ ሳሉ ሮዚን ያለ ጊዜዋ ምጥ መጣባት። ሴት ልጅ ተወለደች፤ የኖረችው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። አባትየው አጥምቆ «እንባ» ብሎ ሰየማትና ከመንገድ ዳር ከዛፍ ሥር ቀበራት። ካራቫኑ አይቆምምና እናቲቱ ወዲያው ጉዞ መቀጠል ነበረባት። ትግራይም አልተቀበለቻቸው፤ እንደገና ተባረሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው አገሩ ይገባ ነበር። ክራፍ ካርታውን ዘርግቶ ከደቡብ በኩል ልግባ አለ፤ በሰሜን የተዘጋውን የኦሮሞ ምድር ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ለመድረስ። በኅዳር 1843 ከዓደን በዐረብ ጀልባ ተሳፈሩ፤ ጀልባዋ ውኃ ገብቷት ሊሰጥሙ ነበርና ለጊዜው ተመለሱ። በጥር 1844 ዛንዚባር ደረሱ። የኦማንና የዛንዚባሩ ገዥ ሰይድ ሰዒድ በደግነት ተቀብለው ለዳርቻው ሹማምንት የሚያሳየው የማለፊያ ደብዳቤ ጻፉለት። እስላሙ ገዥ ለክርስቲያን ሰባኪ የሰጡት ይህ ደብዳቤ፣ ክርስቲያን ገዥዎች ከዘጉት በር ሁሉ በኋላ የተገኘ የመጀመሪያው ክፍት በር ነው።

በግንቦት ሞምባሳ ሰፈሩ። ክራፍ የባሕር ዳርቻውን ቋንቋ ስዋሂሊን መማር ጀመረ፤ በሰኔ ኦሪት ዘፍጥረትን መተርጎም ያዘ። የረዱት የሞምባሳው ቃዲ ሼክ ዓሊ ቢን ሙሂዲን ነበሩ። የእስልምና ዳኛና የወንጌል ሰባኪ አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ስለ ዓለም አፈጣጠር ቃል በቃል ይመካከራሉ። የዘፍጥረት የመጀመሪያ ምዕራፎች በ1847 አሜሪካ ውስጥ በአንድ የምሥራቃውያን ጥናት መጽሔት ታተሙ፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ በስዋሂሊ ለኅትመት የበቃ የመጀመሪያው ጽሑፍ ይኸው ነው።

በሐምሌ ወባ ገባ። ትንኝ ወባን እንደምታስተላልፍ የሚታወቀው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነውና፣ በሽታውን ከረግረግ የሚነሣ መጥፎ አየር ያመጣዋል ይባል ነበር። ሮዚን በሐምሌ 6 ሴት ልጅ ወለደች። ባልና ሚስት በአንድ ቤት፣ ሁለቱም በትኩሳት ወድቀው ነበር። በሐምሌ 13 ቀን ሮዚን ዐረፈች፤ ክራፍ አቅም አጥቶ መሞቷን ለማረጋገጥ እንኳ ከተኛበት መነሣት ተቸገረ። ሕፃኗም በሁለተኛው ቀን ተከተለቻት። የተቀበሩት ከሞምባሳ ደሴት ማዶ፣ ከዋናው ምድር ላይ ነው፤ ሮዚን ራሷ አልፎ ሂያጁ መቃብሯን እያየ እንዲያስብ ጠይቃ ነበር። ክራፍ ለለንደን ማኅበር በጻፈው ደብዳቤ መቃብሩን የሽንፈት ምልክት አድርገው እንዳያዩት፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሥራ መጀመሩን የሚያሳይ አድርገው እንዲቀበሉት ለመነ። ይህን የጻፈው የትኩሳቱ ድካም ሳይለቀው ነው። እምነቱን የማይጋራ አንባቢ እንኳ ከዚህ ደብዳቤ ፊት ቃል ያጥረዋል።

ሁለት ዓመት ብቻውን ኖረ። በሰኔ 1846 የአገሩ ልጅ ዮሐንስ ሬብማን መጣ፤ እርሱም የቩርተምበርግ ገበሬ ልጅ ነው። ከሞምባሳ ወደ ምዕራብ በኮረብታ ላይ ያለችው ራባይ በሚጂኬንዳ ሕዝብ ሽማግሌዎች የምትመራ ነበረች፤ ሽማግሌዎቹ እንግዶቹ እንዲሰፍሩ ፈቀዱ። በነሐሴ ወደዚያ ሲወጡ ሁለቱም በትኩሳት ይንቀጠቀጡ ነበር፤ አህያው አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለቱ ሕሙማን እየተፈራረቁ ይቀመጡበት ነበር። ክራፍ ሚሲዮን እንዲህ ባለ ድካም ተጀምሮ እንደማያውቅ ጽፏል። ግድግዳውን በጭቃ መረጉ፣ ጣራውን በዘንባባ ቅጠል ከደኑ። ከዚያ በኋላ የመጣው ትግል ከትኩሳቱ የማያንስ ነበር፤ ሰው አለመምጣቱ። ራባዮች እንግዶቹን አይጠሉም፣ ይጠይቋቸዋል፣ ሩዝና ጨርቅ ይቀበሏቸዋል። እምነታቸውን ግን አይለውጡም። መጀመሪያ ጆሮ የሰጣቸው ምሪንጌ የተባለ አካል ጉዳተኛ ነው፤ እርሱም ወዲያው ሞተ። ቀጥሎ ጉንጃ የተባለ ሰው መጣ፤ ልጁ ኒዮንዶ በኋላ የሬብማን ቀኝ እጅ ሆነ። ከዚህ ውጭ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተጠመቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

በመካከሉ ሁለቱ ሰዎች ወደ ውስጥ አገር ይጓዙ ነበር፤ ዓላማቸው የሚሲዮን ጣቢያ የሚተከልበትን ቦታ መፈለግ ነው። ሬብማን በግንቦት 11 ቀን 1848 የኪሊማንጃሮን በረዶ አየ። ክራፍ በታኅሣሥ 3 ቀን 1849 ከካምባዎች አገር ከኪቱይ ላይ ሆኖ የኬንያን ተራራ ሁለት ነጭ ጫፎች ተመለከተ። ዜናው ለንደን ሲደርስ ዴዝቦሮ ኩሊ የተባለው የጂኦግራፊ ምሁር ከወንበሩ ሳይነሣ ቅዠት ነው ብሎ ጻፈ፤ ከምድር ወገብ ሥር በረዶ የለም አለ። ሬብማን ያየው እውነት መሆኑን በ1860ዎቹ መጀመሪያ የባሮን ፎን ዴር ዴከን ጉዞ አረጋገጠ። ሌላው ባልደረባቸው ያኮብ ኤርሃርት ከነጋዴዎች የሰማውን ሰብስቦ በአፍሪካ መካከል አንድ ግዙፍ ሐይቅ ያለበት ካርታ ሣለ። ካርታው ስሕተት ነበር፤ ግን በርተንና ስፒክ በ1857 የዓባይን ምንጭ ፍለጋ እንዲሄዱ ካነሣሧቸው ነገሮች አንዱ ሆነ።

የክራፍ የመጨረሻው ትልቅ ጉዞ በ1851 ከካምባው አለቃ ከኪቮይ ጋር ወደ ታና ወንዝ የተደረገው ነው። ወንዙ ሊደረስ ሲል ወንበዴዎች አደጋ ጣሉ፤ ኪቮይ ተገደለ፣ ሰዉ ተበተነ። ክራፍ ብቻውን ቀረ። ሌሊት ወንዙን አገኘ፤ መያዣ ስላልነበረው በሩቅ ማያ መነጽሩ ማኅደርና በጠመንጃው አፈሙዝ ውኃ ሞልቶ ጉዞ ቀጠለ። ያ ሲያልቅ የዝንጀሮዎች ጩኸት ሰምቶ ተከተለ፤ ከደረቀ ወንዝ አሸዋ ውስጥ እንስሳቱ ቆፍረው ያወጡትን ውኃ ጠጣ። ወደ ኪቮይ አገር ሲደርስ ደግሞ የሟቹ ወገኖች አለቃችንን አልጠበቅህም ብለው ሊገድሉት ፈለጉ። በሌሊት አመለጠ።

በ1853 ሰውነቱ አልችል አለና አፍሪካን ለቆ ሄደ። ሬብማን ግን ቀረ።

ክራፍ አገሩ ገብቶም አላረፈም። በ1855 ከወጣቱ ማርቲን ፍላድ ጋር እንደገና ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ አዲስ የነገሡትን ዐፄ ቴዎድሮስንም አገኘ። ኢየሩሳሌም ላይ ጳጳስ ሆኖ የነበረው ሳሙኤል ጎባት ከባዝል አጠገብ ከቅድስት ክሪሾና ማሠልጠኛ ባለእጅ ወንጌላውያንን ለመላክ አስቦ ነበር፤ እጃቸው የሚሠራ፣ ወንጌልም የሚያካፍሉ። የኢትዮጵያው ጳጳስ አቡነ ሰላማ ካይሮ በሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት ተምረው ስለነበር ፊት አልነሧቸውም። ንጉሠ ነገሥቱም ባለእጆቹን ፈለጉ። ባለእጆቹ መጡ፤ በጋፋት መድፍ እንዲያፈሱ ታዘዙና ሴባስቶፖል የተባለውን ሠሩ። ከዚያ ፍላድና ሌሎች የውጭ ሰዎች ታሰሩ፤ በ1868 እስረኞቹን ሊያስፈታ የብሪታንያው ጄኔራል የናፒየር ጦር መቅደላ ደረሰ። ክራፍ ለዚያ ዘመቻ አስተርጓሚ ሆኖ መጥቶ ነበር፤ ታሞ መንገድ ሳይገፋ ተመለሰ። የሰላም ሰባኪ ሁለተኛ ጊዜ ከሠራዊት ጋር መምጣቱ ያሳዝናል።

ሬብማን በራባይ ኮረብታ ላይ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ኖረ፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ጀርመንን አላየም። ሚስቱን ኤማን ያገባው ግብፅ ሄዶ ነው፤ በ1866 ራባይ ሞተች። የወለዱት ልጅም አላደገላቸውም። ሬብማን ብዙ ሰዓቱን የሚያሳልፈው ሳሊሚኒ ከተባለ፣ ከኒያሳ ሐይቅ አካባቢ በባርነት ተሽጦ ከመጣ ሰው ጋር ነበር። ሳሊሚኒ የአገሩን ቋንቋ ይናገራል፣ ሬብማን ይጽፋል። ዓይኑ እየደከመ ሄዶ ፈጽሞ ጠፋ። በ1875 ከራባይ ሲወጣ እየመራ እስከ አውሮፓ ያደረሰው የጉንጃ ልጅ ኒዮንዶ ነው። በጀርመኗ ኮርንታል፣ ከክራፍ ጎረቤት ተቀመጠ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ሞተ። ከሳሊሚኒ ጋር ያዘጋጀውን መዝገበ ቃላት ክራፍ አስተካክሎ በ1877 አሳተመለት። ሬብማን በወጣበት ዓመት ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ የተፈቱ ሰዎች የሚኖሩባት ፍሪር ታውን ከሞምባሳ ማዶ ተመሠረተች፤ በራባይም ከጌቶቻቸው ያመለጡ ባሪያዎች እየተሰበሰቡ መንደሩ ሞላ። ሁለቱ ሰዎች ለዓመታት ባዶዋን ያዩአት ቤተ ክርስቲያን በእነዚህ ስደተኞች ተሞላች።

ክራፍ በኮርንታል በእርጅናው የያዘው ሥራ የመጀመሪያውን ነው፤ ኦሮምኛን። የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት ደብተራ ዘነብ የቅዱስ መጽሐፍን ክፍሎች ወደ ኦሮምኛ መልሰው ነበር፤ ክራፍ እነዚህን በ1870ዎቹ በቅድስት ክሪሾና ማተሚያ ቤት አሳተመ። የአማርኛውንም መጽሐፍ ቅዱስ አርሞ እንደገና እንዲታተም ደከመ። በኅዳር 26 ቀን 1881 ከአልጋው አጠገብ በጸሎት እንደ ተንበረከከ ሞቶ ተገኘ። የስዋሂሊ መዝገበ ቃላቱ በማግስቱ ዓመት ለንደን ወጣ።

የኦሮምኛውን ሥራ የፈጸሙት ኦሮሞዎቹ ራሳቸው ናቸው። በልጅነቱ ከኢሉባቦር ተሰርቆ፣ ምጽዋ ላይ ከባርነት የተፈታው ኦነሲሞስ ነሲብ ከስዊድን ሚሲዮን ጋር ወደ ትውልድ አገሩ ለመግባት በተደጋጋሚ ሞክሮ፣ እንደ ክራፍ ሁሉ በየበሩ ተመለሰ። ከምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ተቀምጦ መተርጎም ያዘ። ከባሪያ መርከብ የተፈታችው አስቴር ጋኖ ቃላቱን እየለቀመች፣ ከትዝታዋ 500 ያህል የኦሮሞ ተረትና ዘፈን እየጻፈች ረዳችው። ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ፤ ያውም ክራፍ የደብተራ ዘነብን ትርጉም ባሳተመበት በዚያው በቅድስት ክሪሾና። ኦነሲሞስና አስቴር በ1904 መጽሐፉን ይዘው ወለጋ ገቡ፤ በነቀምቴም በኦሮምኛ ማስተማር ጀመሩ። ካህናቱ ከሰሱት፤ ስብከቱ ታገደ። በ1916 ልጅ ኢያሱ ፈቃድ ሰጡት፤ ኦነሲሞስም እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1931 ድረስ፣ በነቀምቴ አስተማረ።